ነጥቡ ቀን ይጻፍበት

በፆታዊ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ከእስር ሊወጣ ሲል ሰፈሩ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ይደግመው ይሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም እንጠይቀዋለን። ከመካከላችን ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች አሉ፤ ልጃቸው የተጎዳባቸው ወላጆች አሉ፤ በቶሮንቶና በሚኒያፖሊስ ችሎቶች የሚያስተረጉሙ፣ እንጀራቸው ስታትስቲክስ የሆነ፣ ቅጣታቸውን ጨርሰው የወጡም አሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ለብዙ ሰው የሚዋጥ አይደለም፤ ለእኛም ቀላል አልነበረም። ያሰባሰበን ቁጣ ነው። ለዚያ ተገቢ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንዳንዴ ፍርሃት የወለደው ግምት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መቼ እንደተለካ፣ በማን ላይ እንደተፈተነ ያልተጻፈበት ቁጥር ነው። ሁለቱንም እንቃወማለን።

አቋማችንን ከወዲሁ እናስታውቅ፦ እኛ የቁጥር ወገን ነን። «ሰውን በነጥብ መመዘን ክብሩን መንካት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ አንስማማም። ከነጥቡ በፊት የነበረው ምን ነበርና? አንድ ባለሙያ እስረኛውን ለጥቂት ሰዓት አነጋግሮ፣ ፊቱን አይቶ፣ «ተጸጽቷል» ወይም «አደገኛ ነው» ብሎ ይፈርማል። ክብር የተነካው እዚያ ላይ ነው፤ ማንም ሊመረምረው በማይችል ስሜት ሰው ሲታሰርና ሲፈታ። በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኧርነስት በርጀስ የተባለ የቺካጎ ሶሲዮሎጂስት በኢሊኖይ በአመክሮ የተፈቱ 3,000 ሰዎችን መዝገብ አገላበጠ። 21 ነገሮችን ብቻ እየቆጠረም አመክሮውን ማን እንደሚያፈርስ መገመት እንደሚቻል አሳየ። በ1954 ፖል ሚል የባለሙያን ግምትና የቀመርን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያወዳድር ቀመሩ ከባለሙያው አላነሰም፤ ብዙ ጊዜም በለጠ። በ2009 ካርል ሃንሰንና ኬሊ ሞርተን-ቡርጎን ከ45,000 በላይ የፆታ ወንጀለኞችን የያዙ 118 ናሙናዎችን አሰባስበው መረመሩ፤ እዚህም ልቅ የባለሙያ ግምት ከመመዘኛዎቹ አንሶ ተገኘ።

ግምት ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሂድ። በ2002፣ በማኩን እና ላይል ጉዳይ፣ ሕክምና ያላገኙ የፆታ ወንጀለኞች እስከ 80 ከመቶ ድረስ ወንጀሉን ይደግማሉ የሚል አኃዝ በዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ዓመት ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ያንኑ አባባል ተደገፈበት፤ ከዚያም የታችኛዎቹ ፍርድ ቤቶች እየተቀባበሉ ሲጠቅሱት ኖሩ። አኃዙ የመጣው ከአንድ የመንግሥት መመሪያ ነው። መመሪያው ደግሞ በ1986 በሳይኮሎጂ ቱዴይ መጽሔት ላይ ከወጣ ጽሑፍ ቀዳው። የጽሑፉ ባለቤት በኦሬገን እስር ቤት በሕክምና መርሐ ግብር ውስጥ የሚሠራ አማካሪ ነበር፤ ከአኃዙ ሥር ግን ጥናት አልነበረም። ፍርዱ ከመጻፉ አራት ዓመት ቀድሞ ሃንሰንና ቡሲየር 61 ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። በአራትና አምስት ዓመት ክትትል ውስጥ በአዲስ የፆታ ወንጀል የተያዙት በአማካይ 13.4 ከመቶ ነበሩ። ይህም ቢሆን የተያዙትን ብቻ የሚቆጥር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ያም ሆኖ ከ13 እስከ 80 ያለው ርቀት የሰዎች ዕድሜ ያለቀበት ርቀት ነው።

እንግዲህ መመዘኛውን ቀርበን እንየው። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቷል፤ ውስጡን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስታቲክ-99ን ካናዳዊው ሃንሰንና እንግሊዛዊው ዴቪድ ቶርንተን በ1999 አዘጋጁት፤ በ2012 የዕድሜ አያያዙ ተሻሽሎ ስታቲክ-99አር ተባለ። ለአዋቂ ወንዶች ብቻ የተሠራ ነው። ጥያቄዎቹ ዐሥር ናቸው፤ ጠቅላላ ነጥቡ ከዜሮ በታች ሦስት ተነሥቶ እስከ 12 ይደርሳል።

አንድ ሰው በምናባችን እናቁም። ዕድሜው 41 ነው፤ ከ40 እስከ 59 ያለ ሰው አንድ ነጥብ ይቀነስለታል። ከትዳር ጓደኛ ጋር ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ ያውቃል? አላወቀም፤ ጎንደር ካገባ በስድስተኛ ወሩ ተሰደደ፤ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕር። አንድ ነጥብ። ከፆታዊው ውጭ የድብደባ ፍርድ? የለበትም። ከዚህ በፊት በፆታ ወንጀል ተፈርዶበታል? አንድ ጊዜ፤ አንድ ነጥብ። ለቅጣት ውሳኔ ፍርድ ቤት የቀረበባቸው ቀናት ከሦስት አይበልጡም፤ ዜሮ። ያለ ንክኪ የተፈጸመ ወንጀል የለበትም። ተጎጂዋ ዘመዱ አይደለችም፤ አንድ ነጥብ። ጨርሶ አያውቃትም፤ አሁንም አንድ። ወንድ ተጎጂ የለም። ድምሩ 3 ነው። በዛሬው አከፋፈል ይህ አማካይ መደብ ነው፤ በተለመደው ሠንጠረዥ ሦስት ነጥብ ካገኙ 100 ሰዎች ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ በአዲስ የፆታ ወንጀል የሚያዙት 8 ያህል ናቸው። ይኸው ሰው በ39 ዓመቱ ቢፈታ ኖሮ የዕድሜ ቅናሹን አያገኝም፤ ነጥቡ 4 ሆኖ ከአማካይ በላይ ከሚባሉት ይመደብ ነበር።

እዚህ ውስጥ ጸጸት የሚባል ጥያቄ እንደሌለ ልብ በሉ። መዘንጋት አይደለም፤ በ1998ቱ የሃንሰንና የቡሲየር ጥናት ወንጀሉን መካድም ሆነ ለተጎጂ አለማዘን ወንጀሉን ከመድገም ጋር ግንኙነት አልታየባቸውም። ያለቀሰው ሁሉ አይታመንም፤ ያላለቀሰውም ሁሉ አይደግምም። ቁጥሩን የምንወደው ለዚህ ነው፤ ዓይናችን የሚያታልለን ቦታ ላይ አይታለልም።

የቁጥሩን ልክ መናገር ግን የእኛ የወገኖቹ ግዴታ ነው። ወንጀሉን ከደገሙት አንዱን፣ ካልደገሙት ደግሞ ሌላውን በዕጣ ብናወጣ፣ መመዘኛው ለደገመው ከፍ ያለውን ነጥብ ሰጥቶ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 70 ያህሉን ነው። ሳንቲም ብንጥል 50 ነበር። ከግምት ይሻላል፤ ከነቢይ ግን በጣም ያንሳል። ሦስት ነጥብ የሚናገረው ስለ 100 ሰዎች ነው። ከ100ው ውስጥ ያ የጎንደር ልጅ ከ8ቱ ይሁን ከ92ቱ አያውቅም። ዐቃቤ ሕግ ተነሥቶ «ይህ ሰው 8 ከመቶ አደገኛ ነው» ሲል ትርጉም የሌለው ነገር ተናገረ፤ ተከላካይ ጠበቃው ተነሥቶ «92 ከመቶ ንጹሕ ነው» ሲልም ያው ነው።

ሌላም ከችሎት የሚደበቅ ነገር አለ። ለአንዱ ነጥብ ሠንጠረዡ አንድ ብቻ አይደለም። ከተለመደው ሌላ፣ ከባድ ስጋትና ብዙ ችግር አለባቸው ተብለው ከተመረጡ ሰዎች የተሠራ ሠንጠረዥ አለ፤ በዚያ ላይ ያው 3 ነጥብ ከፍ ያለ አኃዝ ይሰጣል። ሠንጠረዡን የሚመርጠው ገምጋሚው ነው። ከፊት በር ያስወጣነው ግምት በዚች ምርጫ በጓሮ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የተመረጠው ሠንጠረዥ ስሙና ምክንያቱ በነጥቡ አጠገብ ካልተጻፈ ነጥቡ ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ቁጥር ዕድሜ አለው። በ2014 ሃንሰንና ባልደረቦቹ 7,740 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አወጡ። ከባድ ስጋት አለባቸው ከተባሉት ውስጥ ከተፈቱ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት 22 ከመቶው በአዲስ የፆታ ወንጀል ተያዙ። ይህን ማንም ማቃለል የለበትም፤ እኛም አናቃልለውም። ከእነዚያው ውስጥ ዐሥር ዓመት ያለ አዲስ የፆታ ወንጀል በማኅበረሰቡ መካከል የኖሩትን ግን ለብቻ ስናይ፣ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት የሚያዙት 4.2 ከመቶ ሆነው ተገኙ። በወረቀቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ያለፈ ፍርድ አይፋቅም፤ ተጎጂዋም የማታውቀው ሰው እንደነበር ይኖራል። የወረደው ስጋቱ ነው። ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት የሚሸጥ ፋርማሲ ይታሸጋል፤ ቀኑ ያለፈበት ነጥብ ግን ዛሬም ሰውን ከሥራና ከቤት ያባርራል። ካሊፎርኒያ ከ1947 ጀምሮ የፆታ ወንጀለኛን ሁሉ የዕድሜ ልክ ተመዝጋቢ ስታደርግ ኖራለች፤ እርከን ያበጀችው በ2021 ነው፤ የስታቲክ ነጥቡንም በሕዝባዊው ድረ ገጽ ላይ ታወጣዋለች። ያንን ነጥብ የሚያይ ጎረቤት ነጥቡ የተለካው ሰውየው በተፈታ ማግስት ይሁን ከ15 ዓመት በኋላ በምን ያውቃል?

ሚኒሶታን ደግሞ አብዛኞቻችን በቅርብ እናውቃታለን፤ ከአገራችን ወጥተው አሜሪካ ከገቡት በርካታ ሰዎች እዚያ ይኖራሉ። በዚያች ግዛት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው «አደገኛ ነው» ከተባለ በፍትሐ ብሔር ትእዛዝ ያለ ጊዜ ገደብ ሕክምና ወደሚባል የተዘጋ ግቢ ይገባል። መርሐ ግብሩ በ1994 ተጀመረ፤ ከ700 በላይ ሰዎች ሲገቡበት፣ 20 ዓመት ሲሞላው አንድም ሰው ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም ነበር። በሰኔ 2015 የፌደራሉ ዳኛ ዶኖቫን ፍራንክ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ካስቀመጧቸው ምክንያቶች አንዱ ግዛቲቱ የያዘቻቸውን ሰዎች ስጋት በየጊዜው እየለካች አለመሆኑ ነው። በ2017 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ሕጉን ለሕግ ባለሙያዎች እንተወውና ነገሩን እንየው፦ ሰውን በቁጥር አስገብቶ ቁጥሩን ዳግም አለማየት። ስታትስቲክስ ሲገባ ሠራ፤ ሲወጣ ግን አልተጠራም።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ማንኛውም የስጋት ነጥብ የተለካበት ቀን፣ ደግሞም የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ሲያልፍ ነጥቡ ይሙት፤ መንግሥት እንዲኖር ከፈለገ እንደገና ይለካው። የማስረዳት ሸክሙ በሰውየው ላይ አይሁን።

በማን ላይ ተፈተነ የሚለው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ስታቲክ-99 የተሠራበት መዝገብ የተወሰደው ሦስቱ ከካናዳ፣ አንዱ ከእንግሊዝና ዌልስ ከሆኑ ናሙናዎች ነው። በ2004 ኒክላስ ሎንግስትረም በስዊድን ከ1993 እስከ 1997 ከእስር የተፈቱ 1,303 የፆታ ወንጀለኞችን መዝገብ መረመረ። መመዘኛው ለስካንዲኔቪያውያንና ለሌሎች አውሮፓውያን ሠራ። ከአፍሪካና ከእስያ በመጡት ላይ ግን የሚደግመውን ከማይደግመው መለየት አልቻለም። እነርሱ 128 ብቻ ነበሩ፤ በዚህ ቁጥር ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት አይቻልም። እኛን የሚያስቆጣን ሌላ ነው፦ በስቶክሆልም የእኛ ሰው ችሎት ሲቀርብ ይህ ጥርጣሬ ከነጥቡ አጠገብ ይነገራል ወይ? በተቃራኒው በካሊፎርኒያ ሲፈተሽ ለነጭ፣ ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ወንጀለኞች ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ መፈተሽ ይቻላል። ያልተፈተሸው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

የጠየቀ ሰው ነበር። ጄፍሪ ኢዋርት ከካናዳ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሜቲስ ተወላጅ ሲሆን ከ30 ዓመት በላይ በካናዳ እስር ቤት የኖረ ነው። የተመዘነባቸው አምስት መሣሪያዎች፣ ስታቲክ-99 ጭምር፣ ለቀደምት ሕዝቦች እንደሚሠሩ አልተረጋገጠም ብሎ ከሰሰ። ሰኔ 2018 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ ለ2 በዋናው ነገር ፈረደለት፦ የእስር ቤቶች አገልግሎት የሚጠቀምበት መረጃ ትክክል እንዲሆን የሚቻለውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ በመሣሪያዎቹ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ከ2000 ጀምሮ እያወቀ ሳያጣራ መቀጠሉ ጥሰት ነው። ፍርድ ቤቱ መሣሪያዎቹ ውሸት ናቸው አላለም፤ «አጣሩ» አለ። የእኛም ቃል ይኸው ነው።

ከመዝገብ ቆጠራ ወደ ቃለ መጠይቅ ስንሻገር ችግሩ ይብሳል። ስቴብል-2007 የሚባለው መመዘኛ የሚለወጡ ነገሮችን ይለካል፤ ከ13ቱ ጥያቄዎቹ መካከል በፆታ ሐሳብ መጠመድ፣ በሴቶች ላይ ያለ ጥላቻ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር መተባበር ይገኛሉ። አሁን አንድ ሰው አስቡ፤ ገምጋሚዋ በዕድሜ የእናቱ እኩያ ናት፤ አስተርጓሚው ደግሞ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው ሰው ነው። ስለ አልጋ ገመናው ይጠየቃል። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል፤ እንዲህ ነዋ ያሳደጉት። በዓይኑ ላለማየት የተጠነቀቀው ለአክብሮት ነው፤ ቅጹ ላይ «አይተባበርም» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። እስራኤልም በ2006 ባወጣችው ሕግ የፆታ ወንጀለኞች የአደገኝነት ግምገማ እንዲደረግላቸው ታዝዛለች፤ እዚያ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን በዕብራይስጥ የሚካሄድ ግምገማ ፊት ሲቀመጡ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይሆንም። ማፈር ስጋት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ገምጋሚ ማሠልጠን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ራሳችን እንዞራለን፤ ይህን ሳንል ብንቀር ሌላው ሁሉ ጩኸት ይሆናል። ስታትስቲክሱ የሚቆጥረው የተከሰሰውንና የተፈረደበትን ነው። በእኛ ሰፈር ግን «ገመናችንን ፈረንጅ አይወቅብን» ይባላል። አጎት ልጅቷን ሲነካ ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ልጅቷ ዝም ትባላለች። ያ ሰው በመዝገብ ላይ ዜሮ ነው። ነገ በሌላ ነገር ቢያዝ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ዝቅተኛ ነጥቡ ደግሞ ሌላ ልጅ ያለችበት ቤት ያስገባዋል። ቁጥሩን የምናዛባው እኛም ጭምር ነን። ሽምግልና ለፆታዊ ጥቃት አይሆንም ስንል ባህል ጠልተን አይደለም፤ ተጎጂዋ ያልተጠየቀችበት ዕርቅ ለእርሷ ዕርቅ ስላልሆነ ነው።

መመዘኛው የማያየው ከዚህም ሰፊ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ከ1986 እስከ 2006 ያለውን መዝገብ የመረመረ ጥናት በፆታ ወንጀል ከተያዙት 95 ከመቶ የሚበልጡት ከዚያ በፊት በፆታ ወንጀል ተፈርዶባቸው የማያውቁ ሰዎች እንደሆኑ አሳየ። የትኛውም የዳግም ወንጀል መመዘኛ እነርሱን ሊያገኛቸው አይችልም። ገንዘቡ ሁሉ በመዝገብ፣ በካርታና በአጥር ላይ ሲፈስ፣ ልጅ «አጎቴ ነካኝ» ስትል የሚያምናት ትልቅ ሰው የሚያፈራ ትምህርት ቤት ይራባል። ነጥቡ ማን ላይ ብዙ መልፋት እንደማያስፈልግ ሲናገርም ይሰማ፤ ዝቅተኛ ስጋት ካለበት ሰው ጀርባ የሚነሣ እያንዳንዱ የክትትል ሰዓት ለተጎጂዎች ሕክምናና ለቅድመ መከላከል ይዋል።

ከፍተኛ ነጥብ ያለውንስ? እርሱን ብቻውን አንተወውም። በ1994 በሃሚልተን፣ ኦንታሪዮ፣ ጎረቤት ሁሉ የፈራውን አንድ ከእስር የወጣ ሰው የሜኖናይት ምእመናን ተሰባስበው ከበቡት፤ እየደገፉትም እየጠየቁትም። (የእኛ አገር የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ከሜኖናይት ግንድ የወጣች ናት፤ ነገሩ ባዕድ አይደለም።) የድጋፍና የተጠያቂነት ክበብ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ፤ ጥቂት ፈቃደኞች በየሳምንቱ ያገኙታል፤ የት እንደዋለ፣ ምን እንዳሰበ ፊት ለፊት ይጠይቁታል። ሚኒሶታ 100 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ ስትፈትሸው፣ በፆታ ወንጀል እንደገና የመያዝ ዕድል በክበብ ውስጥ በነበሩት ላይ በ88 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። 100 ሰው ጥቂት ነው፤ በሌሎች ከተሞችም ይፈተሽ። የሚፈተሸው ግን ሲሠራ ብቻ ነውና በአማርኛ የሚነጋገር ክበብ እንዲቋቋም እንሠራለን። እድር ሬሳ ለማንሳት በአንድ ቀን የሚሰበስበውን ሰው እናውቃለን።

ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ብቻ እንበል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ነገ አንድ ቅን ሰው ስታቲክ-99አርን ተርጉሞ አዲስ አበባ ይዞ ቢገባ ከሠንጠረዡ ጋር አንቀበለው። ዐሥሩ ጥያቄዎች ሊረዱ ይችላሉ፤ አኃዙ ግን የሌላ አገር ፖሊስ፣ የሌላ አገር ዳኛ፣ የሌላ አገር ዝምታ ውጤት ነው። መጀመሪያ የእስረኞቻችን መዝገብ በወጉ ይያዝ፤ ከተፈቱ በኋላ ዓመታት ይቆጠሩ፤ ከዚያ ቁጥር የራሳችን ይሁን።

የምናየው ዘመን እንዲህ ያለ ነው። ዳኛው ፊት አንዲት ገጽ ትቀርባለች። ነጥቡ አለ፤ ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደተወሰደ አለ፤ እንዲህ ባለው ሕዝብ ላይ ተፈትሿል ወይም አልተፈተሸም የሚል ቃል አለ፤ የሚያበቃበት ቀን አለ። ቀመሩ የኩባንያ ምስጢር አይደለም፤ የታሳሪው ጠበቃም የተጎጂዋ ጠበቃም ቁጭ ብለው በእርሳስ ሊደምሩት ይችላሉ። ተጎጂዋ ሰውየው ሲፈታ ከጋዜጣ አትሰማም፤ ነጥቡ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል በቋንቋዋ ተቀምጦ ያስረዳታል። ፍርዱን የሚፈርደው ሰው ነው፤ ስሙም ከሥሩ ይጻፋል። «መሣሪያው ነው እንዲህ ያለው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

ይህ ገጽ እስኪመጣ ድረስ የምንጠብቀው ሕግ የለም። ዘመዳችሁ ተከሳሽ ሆኖ ችሎት የምትቀመጡ፣ ልጃችሁ ተጎጂ ሆና የምትቀመጡ፣ ጠበቆችም ጭምር፦ ነጥብ ሲነበብ እጃችሁን አንሡ ወይም በጠበቃችሁ በኩል አስነሡ። ይህ ነጥብ መቼ ተለካ? ሠንጠረዡን ማን መረጠ? በእኛ ዓይነት ሰው ላይ ተፈትሿል? መልስ ካጣችሁ ጥያቄው በመዝገብ ይስፈርልን በሉ፤ የመዝገቡንም ግልባጭ ላኩልን።